የእስክንድርያው የመብራት ማማና የኛ ዓባይ፦ ለመርከበኛ የተሠራ ነው ወይስ ለንጉሥ?

1. ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ስለ ዓባይ ድልድዮች ስንጨዋወት አንዱ «ለመሆኑ ዓባይ ባሕር ሲገባ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠይቆ ሰሚ አጥቶ ቀረ። እኔን ጥያቄው ስለከነከነኝ ወንዙን ቁልቁል ተከትዬ፣ በንባብ ማለቴ ነው፣ እስክንድርያ ወደብ ድረስ ወረድኩ። እዚያ ፋሮስ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ቆሞ የነበረው የመብራት ማማ ይኸው ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ለማያውቀው ባጭሩ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ታላቁ እስክንድር ከተማዋን የቆረቆራት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ነው። እሱ ሲሞት ግብፅ ለጦር አለቃው ለበጥሊሞስ ደረሰችው። ማማውን ያስጀመረው እሱ ሲሆን ያለቀው በልጁ በዳግማዊ በጥሊሞስ ጊዜ፣ ከልደት በፊት በ280 ገደማ ነው። ሦስት እርከን ነበረው፤ የታችኛው አራት ማዕዘን፣ የመካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ የላይኛው ክብ። ጫፉ ላይ የጣዖት ምስል ቆሞበታል። ቁመቱ ከ100 ሜትር ያልፍ እንደነበር ይገመታል። ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ ተብሎ የተቆጠረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከባሕር የሚመጣ ሰው የብስ መቃረቡን የሚያውቀው ተራራ ሲያይ ነው። የግብፅ ዳርቻ ደግሞ ተራራ የለውም፤ ከውኃው እምብዛም ከፍ ያላለ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ያንን ሜዳ ማን አነጠፈው? ናይል ከሚሸከመው ደለል አብዛኛው ከኛ ደጋ በዓባይና በተከዜ በኩል የሚወርድ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ተምጫ፣ ብር በሐምሌ ደፍርሰው ሲወርዱ አይታችሁ የለ? እንግዲህ በሺህ የሚቆጠር ክረምት የጎጃምን አፈር ወስዶ ዳርቻውን ሜዳ አደረገው፤ ሜዳ በመሆኑም ሰው ሠራሽ ተራራ አስፈለገው። ማማውን የኛ ክረምት አሠራው ብል አጋነንኩ?

2. የሞጣ ግንበኛ (ሞጣ)

ወንድም ዓለም፣ ሐሳቡ ያምራል፤ ግን ደለሉን የምታራግፍበትን ቦታ አስተውል።

በግብፅ ዳርቻ የባሕሩ ሞገድ የሚሄደው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ናይል የተፋው አፈር ወደ ፖርት ሳይድና ወደ ሲና አቅጣጫ ይገፋል እንጂ ወደ እስክንድርያ አይመጣም። ከተማዋ ከወንዙ አፎች ሁሉ በስተ ምዕራብ የተተከለችውም ለዚሁ ነው፤ በስተ ምሥራቅ ብትሆን ወደቡ በደለል ይሞላ ነበር። ቦታዋ ራሱ በባሕሩና በማርዩት ሐይቅ መካከል ያለ የኖራ ድንጋይ ጀርባ ነው። ማማው የቆመው በዓለት ላይ ነው፣ በጎጃም አፈር ላይ አይደለም።

ዳርቻው ዝቅ ያለ በመሆኑ ግን እውነትህን ነው። በዚያ ላይ ወደቡ አፍ ላይ ከውኃ ሥር የተሸሸጉ ዓለቶች ነበሩ፤ ከተማዋን አየሁ ብሎ የገባ መርከብ እነሱ ላይ ይሰበራል። ማማው ሁለት ነገር ነው የሚናገረው፦ «ግብፅ ደርሰሃል» እና «በዚህ በኩል ግባ»።

ሒሳብ ለሚወድ አንድ ነገር ልጨምር። የአንድን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ካሬ ሩቱን በ3.57 ብታባዙት አድማሱ በኪሎ ሜትር ይወጣላችኋል። ለ100 ሜትር ማማ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርከበኛው 10 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢወጣ የሱ 11 ይደመርና 47 ይሆናል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በአንደኛው መቶ ዓመት ብርሃኑ ከ300 ስታድያ ይታያል ብሎ ጽፏል፤ ይህ ከ50 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አየሩ ብርሃንን ትንሽ ስለሚያጎብጠው ሰውዬው ብዙም አልዋሸም።

3. ሰከላ (ግሽ ዓባይ)

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል ኖርን። ለካስ ግንዱን ብቻ ሳይሆን ማሳችንንም ይዞ ነው የሚዞረው። የመሬት ይዞታ ደብተሬን ይዤ እስክንድርያ ልሂድ ወይስ ፖርት ሳይድ?

4. ጣና ዳር

@የሞጣ ግንበኛ፣ እኔ ዳርቻው አልኩ እንጂ ማማው የቆመበት መሬት መች አልኩ። ከምሥራቅ፣ ከሶርያና ከቆጵሮስ በኩል የሚመጣው መርከብ ያንን የደለል ሜዳ ተከትሎ ነው እስክንድርያ የሚደርሰው። ለሱ እኮ ምልክት የሆነው።

@ሰከላ፣ ፖርት ሳይድ ሂድ። ሞገዱን ሰምተሃል።

5. የዲማው (ቢቸና)

እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴቲቱን ከኛ ጋር የሚያገናኛት ደለል ብቻ አይደለም፤ ይህን አለማንሳታችሁ ገርሞኛል።

ሰብአ ሊቃናት የኦሪት መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ (ወደ ግሪክ ቋንቋ) የመለሱት በማን ጊዜ ነው? በንጉሥ በጥሊሞስ። የትኛው በጥሊሞስ? ማማውን ያስፈጸመው ዳግማዊው። የት ሆነው? ጥንታዊው የግሪክ ትውፊት ሊቃውንቱ ሰባት ስታድያ በሚረዝመው የድንጋይ መንገድ ባሕሩን ተሻግረው ደሴቲቱ ላይ በተዘጋጀላቸው ጸጥ ያለ ቤት ተቀመጡ ይላል። ያ የድንጋይ መንገድ ከተማዋን ከፋሮስ ደሴት ጋር ያገናኘው ነው። 72 ሆነው በ72 ቀን ፈጸሙት ይባላል። የኛ የግእዝ ብሉይ ደግሞ የተተረጎመው ከዚያ ከጽርዑ ነው። እንግዲህ በግእዝ የምናነበው ኦሪት የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ከዚያች ደሴት ይደርሳል።

ሁለተኛው ነገር፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ናቸው። ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወርደው በአራተኛው መቶ ዓመት በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተሾሙት በእስክንድርያ ነው። ማማው ያን ጊዜ 600 ዓመት ሆኖት በቦታው ነበር። ጳጳሳችን ወደ ከተማዋ ሲገቡም ሲወጡም ሳያዩት አይቀሩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዓይን አይሰወርም።

6. የእንጅባራዋ (እንጅባራ)

የኔታ፣ እናመሰግናለን፣ የሰብአ ሊቃናቱን ነገር ከዚህ ማማ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር።

ግን ሁላችሁም «ለመርከበኛ ታስቦ ተሠራ» የምትሉትን ነገር እኔ አልቀበለውም። ሮማዊው ፕሊኒ ማማው 800 መክሊት ብር ፈጀ ብሎ ጽፏል። መርከብን ከዓለት ለማዳን ያን ያህል ቁመትና ያን ሁሉ ሐውልት ምን አስፈለገው? አዲስ ሥርወ መንግሥት ነው፤ ግሪኮች ናቸው፤ የፈርዖኖች ፒራሚድ ባለበት አገር መጥተው ነገሡ። «እኛም ማሠራት እንችላለን» ለማለት ነው። የመርከበኛው ጥቅም ምራቂ ነው።

7. ጣና ዳር

@የእንጅባራዋ፣ ለክርክርሽ የሚሆን ወሬ ልስጥሽ። ከማማው ጋር ስሙ የሚነሳ ሶስትራጦስ የሚባል የክኒዶስ ሰው አለ። አንዳንዱ መሐንዲሱ ነው ይላል፣ ሌላው ገንዘቡን ያወጣ ባለጸጋ ነው ይላል። ግሪኮች ሲያወሩ፣ ይህ ሰው የራሱን ስም ድንጋዩ ላይ በጥልቀት ቀርጾ በልስን ሸፈነው፤ ከልስኑ ላይ የንጉሡን ስም ጻፈበት። ዘመን ሲያልፍ ልስኑ ረግፎ የንጉሡ ስም ጠፋ፣ የሱ ወጣ። ከድንጋዩ የወጣው ጽሑፍም «በባሕር ለሚጓዙት» ለአዳኞቹ አማልክት የተሰጠ መሆኑን ይናገር ነበር ይባላል። ተረት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ደስ ይለኛል።

8. የሞጣ ግንበኛ

ተረት ነው። ንጉሥ ባለበት አገር ማን ደፍሮ? ደግሞ የባሕር ዳር ጨው ያለበት ነፋስ ልስንን በጥቂት ዓመት ነው የሚያረግፈው፣ ሶስትራጦስ በሕይወት ሳለ አንገቱ ይቀላ ነበር።

9. የእንጅባራዋ

ይኸው፣ ተረቱ ራሱ ነገሩ የስም ሽሚያ እንደነበር አያሳይም? ቢያንስ ግሪኮቹ የተረዱት እንደዚያ ነው።

ከፈለጋችሁ ሌላ ምሳሌ አለኝ፣ ለዚያውም ከኛ ጋር ደም የተቃባ ሰው ነው። የግብፁ ገዢ ከዲቭ ኢስማኤል። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት፣ ባርቶልዲ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጺ በቦዩ በር ላይ ችቦ የያዘች የግብፅ ገበሬ ሴት ቅርጽ ያለው ግዙፍ የመብራት ማማ ልሥራልህ ብሎ ንድፉን አቀረበለት። ርእሱም ግብፅ ለእስያ ብርሃን ስትሰጥ የሚል ነበር። ወጪው በዝቶ ቀረ። ባርቶልዲ ያንን ሐሳብ ይዞ ሄዶ ኋላ ያቆመው በ1886 ኒው ዮርክ ላይ የተመረቀውን የነጻነት ሐውልት ነው። ኢስማኤል ደግሞ «ብርሃን» ከሚለው ወሬ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጦሩን ወደኛ ላከ። ጉንደትና ጉራዕ ላይ፣ ሁለቱም በ1868 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ ምን እንዳደረጉት ታውቃላችሁ። አገሩም በዚያው ሰሞን በዕዳ ተያዘ። የመብራት ማማ ለሚሠራ ንጉሥ ቶሎ ልባችሁን አትስጡ።

10. ሰከላ

እህት ዓለም እንዲህ የሚያቃጥል ነገር ስትጽፊ ጎጃሜነትሽ ይታወቃል።

11. ጡረተኛው መርከበኛ (ቡሬ)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን እያነበብኩ ዝም ልል ነበር፤ የልጄ ልጅ ናት «አባባ ይጻፉ» ያለችኝ። ወጣትነቴን በንግድ መርከብ ነው የጨረስኩት፤ ከአሰብና ከምጽዋ ተነሥተን በስዊዝ በኩል አውሮፓ እንመላለስ ነበር። የቡሬ ልጅ ባሕር ላይ ምን ይሠራል አትበሉ፣ ብዙ ነበርን።

ያ ከዲቭ የሴቲቱን ሐውልት ቢተወውም ማማውን አልተወውም። ፖርት ሳይድ ላይ ቦዩ ከመከፈቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ የበራ የመብራት ማማ አለ፤ ስምንት ማዕዘን፣ 56 ሜትር። እኔ አይቼዋለሁ። ከሜዲትራኒያን ወደዚያ ሲቀርቡ የሚያስደንቀው፣ መሬት የሚባል ነገር አይታይም። መጀመሪያ መብራቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሕንፃዎች ጣራ፣ ቀጥሎ የወደቡ ማንሻዎች፣ መሬቱ መጨረሻ ነው። ጣና ዳር የሚለው ደለል ማለት እሱ ነው። የውኃውም መልክ ገና መሬቱ ሳይታይ ይለወጣል፤ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ደፍራሽ።

አሁን መብራት እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ፤ ይህን መጽሐፍ ላይ ብታነቡት አይገባችሁም። ሌሊት ከሩቅ አንድ መብራት ብታይ የየትኛው አገር ጫፍ መሆኑን በምን ታውቃለህ? እያንዳንዱ ማማ የራሱ አበራር አለው። አንዱ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ብልጭ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ይጨልማል። ቀይ የሚያሳይም አለ፤ ከአደገኛው አቅጣጫ ለሚመጣ ብቻ ቀይ፣ ከደኅናው አቅጣጫ ነጭ። መሪ ክፍል ውስጥ መዝገብ አለ፤ የዓለም መብራቶች ሁሉ ከነአበራራቸው ተጽፈዋል። ተረኛው ሰዓቱን ይዞ ብልጭታውን ይቆጥራል፣ መዝገቡን ያያል፣ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ ለካፒቴኑ ይናገራል። ቀን ደግሞ ማማው በቀለሙ ይለያል፤ አንዱ ባለ ጥቁርና ነጭ መቀነት፣ አንዱ ሁለመናው ነጭ።

ልጄ እንጅባራዋ፣ ንጉሡ ለክብሩ ይሥራው ለገንዘቡ፣ ሌሊት ሁለት ሰዓት ሙሉ አድማስ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያች ብልጭታ የታየችው ሰው ማን አሠራት ብሎ አይጠይቅም።

12. የእንጅባራዋ

ጋሼ፣ ክብረት ይስጥልን። እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁትም፣ ስለ መርከበኛው የሚሉትን እቀበላለሁ። ስለ አሠሪው ግን አሳቤ አልተለወጠም። ንጉሦችን የሚጠቅማቸው አለመጠየቁ ነው።

13. የሞጣ ግንበኛ

አባባ መርከበኛው የነገሩን የፖርት ሳይዱ ማማ ለሙያችን ትልቅ ነገር ነው። ፍራንሷ ኮኜ የሚባል ፈረንሳዊ በኮንክሪት ነው ያቆመው። እስከዚያ ድረስ የመብራት ማማ ማለት በአብዛኛው የጥርብ ድንጋይ ወይም የብረት ሥራ ነበር፤ ዛሬ በየመንደራችን አርማታ ስንሞላ ያ 56 ሜትር ከዚህ ሥራ በኩሮቹ አንዱ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ የመብራት ማማ ለግንበኛ ሁሉ ባለውለታ ነው። እንግሊዝ አገር ኤዲስቶን የሚባል ባሕር መካከል ያለ ዓለት አለ። መጀመሪያ የተሠራው ማማ በ1703 ማዕበል ከነሠሪው ጠፋ፤ ሠሪው ዊንስታንሊ በዚያች ሌሊት እዚያው ነበር። ሁለተኛው የእንጨት ነበር፣ በ1755 ተቃጠለ። ሦስተኛውን ስሚተን ያዘው። ይህ ሰው ድንጋዮቹን አንዱ በሌላው ጥርስ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ጠረባቸው፤ ለማጣበቂያው ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ ፍለጋ የኖራ ድንጋይ ዓይነቶችን እያቃጠለ ፈተነ። የሸክላ አፈር የተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ ውኃ ውስጥ እንደሚጠነክር ያረጋገጠው በዚህ ነው። ዛሬ የምናቦካው ሲሚንቶ መንገዱ የተጀመረው በሱ ነው። ማማው በ1759 አልቆ ከ100 ዓመት በላይ አገለገለ፤ የተነሣውም እሱ ደክሞ ሳይሆን ሥሩ ያለው ዓለት በማዕበል እየተበላ ስለሄደ ነው። ላዩ ተፈትቶ ዛሬ ፕሊመዝ ከተማ ቆሞ ይታያል።

እኛ ዘንድም ኖራ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በዓባይ ድልድይ ላይ ዋለ። ሞጣ ያደግን ልጆች ሰባራ ድልድይን በእግራችን ዳስሰናል። እንቁላል ተቀላቅሎበታል የሚለውን የሽማግሌ ወሬ እዚህ አታምጡብኝ።

14. ዘጌ ታንኳ (ዘጌ)

እኔ አባቴም አያቴም ታንኳ ቀዛፊ ናቸው። እኛ ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት ስናመላልስ መብራት አናይም፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሣ መድረስ ነው ዘዴው። ምልክታችን የደሴቱ ዛፍና የገዳሙ ጣራ ነው።

የሞጣ ግንበኛን ልጠይቀው፦ ያ 100 ሜትር ማማ ባሕር ዳር ላይ ቢቆም ጎርጎራ ይታያል? ሁለተኛ ጥያቄ፣ ያንን ሁሉ እሳት ሌሊቱን ሙሉ በምን ያነዱት ነበር? ግብፅ ደን የላትም።

15. የሞጣ ግንበኛ

ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ታንኳ ላይ ለተቀመጠ ሰው የማማው ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ከውኃው በታች ነው። ደቅ ደሴት ላይ ብታቆመው ግን በሁለቱም በኩል ይዳረሳል።

ስለ ማገዶው ጥሩ ጠየቅህ። ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል፤ እንጨት ነው የሚል አለ፣ ዘይት ነው የሚል አለ። መጀመሪያ ላይ የቀን ምልክት ብቻ ሆኖ እሳቱ ኋላ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ምክንያቱም እሳቱን በግልጽ የሚያነሡት ጸሐፊዎች የሮማ ዘመን ሰዎች ናቸው። ውስጡ ግን ከብት ጭነት ይዞ የሚወጣበት ሰፊ መወጣጫ እንደነበረው የዐረብ ተጓዦች ጽፈዋል፣ ስለዚህ ማገዶ ማውጣቱ ችግር አልነበረም።

መስተዋት ነበረው፣ በሱም የጠላት መርከብ ያቃጥሉ ነበር፣ ቁስጥንጥንያም ይታይበት ነበር የሚሉት የመካከለኛው ዘመን ወሬ ነው። ቁስጥንጥንያን ከአድማስ በታች ሆና በመስተዋት ማየት አይቻልም። እውነተኛው ተአምር የመጣው ከ2000 ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም መስተዋት ሳይሆን ሌንስ ነው። ፍሬኔል የሚባል ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሰው ወፍራሙን ሌንስ በቀለበት በቀለበት ከፋፍሎ አሳሳው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይባክን የነበረው ጨረር ሁሉ ተጣጥፎ ወደ አድማስ ይሄዳል። በ1823 ፈረንሳይ ውስጥ ኮርዱዋን በሚባለው ማማ ላይ ተተከለ። አባባ የነገሩን ብልጭታም ከዚሁ ይመጣል፤ መብራቱ አይጠፋም፣ ሌንሱ ነው የሚዞረው።

16. የማርቆስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ዘግይቼ ብደርስም አወዳደቁን ማንም ስላላነሣው ልጨምር።

ማማውን ጦር አልጣለውም። መሬት ነው የጣለው። በአሥረኛው መቶ ዓመት የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ ላዩን ጎዳው፣ ገዢዎቹ ጠገኑት። በ1166 አል በለዊ የሚባል የአንዳሉስ ሰው መጥቶ ውስጡንም ውጪውንም ለክቶ ጽፎታል፤ ስለ ቅርጹ ብዙውን የምናውቀው ከሱ ነው። በ1303 ቀርጤስ አካባቢ የተነሣው ትልቁ መንቀጥቀጥ ክፉኛ ሰበረው። ኢብን ባቱታ በ1326 ሲያልፍ አንዱ ወገኑ ፈርሶ አገኘው፣ ግን ገብቶ አይቶታል። በ1349 ሲመለስ በሩ ድረስ እንኳ መድረስ አልቻለም። በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው ቦታ ምሽግ አሠራ፤ ከፍርስራሹም ድንጋይ ወስዶ ገነባበት። ምሽጉ አሁን አለ። ስንቱን ብናስብ ማማው 1600 ዓመት ያህል ቆሟል፤ የየኔታን ነገር ልደግምና፣ ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ እየተላከልን ከኖረበት ዘመን አብዛኛውን ማለት ነው።

@የእንጅባራዋ፣ ለክርክርሽ ከኢስማኤል የባሰ ምሳሌ አለኝ። ጓርዳፉይ፣ ማለትም ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ፣ ጣሊያኖች በ1924 የመብራት ማማ አቆሙ፤ በ1930 ደግሞ በድንጋይ አደሱት። ቅርጹ የፋሺስቶቹ ዓርማ ነው፣ በዘንግ እስር መካከል መጥረቢያ። ስሙን ማን አሉት? ፍራንቼስኮ ክሪስፒ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦሩ ተደምስሶበት ሥልጣኑን የለቀቀው ጠቅላይ ሚኒስትር! እኛ የጣልነውን ሰው እነሱ በማማ አነሡት።

17. የእንጅባራዋ

ይህን አላውቅም ነበር። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም።

18. ጡረተኛው መርከበኛ

መምህር፣ የጓርዳፉይን ነገር ካነሡት አይቀር፣ ለምን እዚያ ማማ እንዳስፈለገ ይነገር። ከደቡብ የሚመጣ መርከብ ጫፉን ዞሮ ወደ ምዕራብ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይታጠፋል። ከጫፉ በፊት ግን እሱን የሚመስል ሌላ ዓለታማ ጫፍ አለ፤ መርከበኞች ሐሰተኛው ጓርዳፉይ ይሉታል። በክረምቱ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ጊዜ አየሩ አቧራና ጭጋግ ነው። ካፒቴኑ ሐሰተኛውን አይቶ «ደረስን» ብሎ ቢታጠፍ ከዳርቻው ጋር ይላተማል። በእንፋሎት መርከብ ዘመን እዚያ ስንቱ አለቀ። እንግሊዞችም ጣሊያኖችም ማን ይሥራው እያሉ ለዓመታት ነው የተጓተቱት። ስሙን ክሪስፒ ማለታቸው ያናድዳል፤ እኔንም ያናድደኛል። ማማው ግን መቆም ነበረበት።

19. ደጋ ዳሞት (ፈረስ ቤት)

ይህን ሁሉ ታሪክ ከማውራት ግብፆች በህዳሴ ግድብ ላይ የሚሉትን...

20. አወያይ

ደጋ ዳሞት፣ ግድቡ የራሱ ክር አለው፤ ቀሪው ጽሑፍ ወደዚያ ተዛውሯል። እዚህ ስለ ማማዎቹ ብቻ።

21. ጣና ዳር

ግድብ ሳንነካ ደለሉን ግን እንጨርሰው፤ አስዋን እኮ የነሱ ግድብ ነው። ከፍተኛው አስዋን በ1970 ካለቀ ወዲህ ከኛ የሚወርደው አፈር ናስር ሐይቅ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ዳርቻው አዲስ አፈር አጥቶ ባሕሩ እየበላው ነው። ሮዜታ በሚባለው የወንዙ አፍ ላይ የብሱ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ወደ ኋላ ሸሽቷል። የሞገዱ መንገድ የሞጣ ግንበኛ እንዳለው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ከሮዜታ የሚነሣው አፈር አለፍ ብሎ ሌላ ቦታ ይከማቻል። አንዱን ወደብ ይደፍናል፣ አንዱን መንደር ያፈርሳል።

22. ሰከላ

ስለዚህ ዓባይ ማደሪያ አገኘ ማለት ነው። ናስር ሐይቅ አከራየው። ተረቱን እናርመው?

23. የዲማው

ተረት አይታረም። ሌላ ይጨመርበታል እንጂ።

ጥያቄ አለኝ፦ ከባሕሩ ውስጥ የማማውን ድንጋዮች አወጡ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

24. የማርቆስ መምህር

እውነት ነው፣ የኔታ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምሽጉን ከማዕበል ለመከላከል ብለው ባሕሩ ውስጥ የኮንክሪት ብሎኮች ይጥሉ ጀመር። ከሥሩ ጥንታዊ ድንጋይ እንዳለ ሲታወቅ በ1994 ዣን ኢቭ አምፐረር የሚባል ፈረንሳዊ የቅርስ ተመራማሪ ከጠላቂዎች ጋር ወረደ። በሺህ የሚቆጠር ጥርብ ድንጋይ፣ ሐውልት፣ የአምድ ስባሪና ስፊንክስ ተገኘ፤ አንዳንዱ ድንጋይ በአሥር ቶኖች የሚመዝን የአስዋን ግራናይት ነው። ሁሉም ግን የማማው አይደለም፤ ከጥንት የፈርዖን ከተሞች ተነቅሎ የመጣም አለበት። በ2025 ደግሞ 22 ግዙፍ ድንጋዮች ከባሕሩ ወጥተው ነበር፤ የትልቁ በር መቃንና ጉበን የሚባሉት ይገኙባቸዋል፣ ከነሱ 70 እና 80 ቶን የሚመዝኑ አሉ። ዓላማው እያንዳንዱን ድንጋይ በምስል ቀድቶ ማማውን በኮምፒውተር መልሶ መገጣጠም ነው።

25. የሞጣ ግንበኛ

80 ቶን የበር ጉበን! ያንን በምን አንሥተው እላይ አስቀመጡት የሚለውን ነው እኔ ማወቅ የምፈልገው። ዛሬ ሞጣ ላይ ያንን የሚያነሣ ክሬን ልፈልግ ብል ከባሕር ዳርም አላገኝ።

26. የእንጅባራዋ

እና ለበር ብቻ 80 ቶን ድንጋይ የሚያስቀምጥ ሰው ለመርከበኛ ነው የሚያስበው? በሩን ከባሕር ማን ያየዋል?

27. ዘጌ ታንኳ

ጋሼ መርከበኛው፣ ያ የፖርት ሳይዱ ማማ አሁንም ይበራል?

28. ጡረተኛው መርከበኛ

ማማው ቆሟል፤ መብራቱ ግን ሥራውን ለሌላ አስረክቧል። ከተማው በዙሪያው በፎቅ በፎቅ ስለሞላ ከባሕር ቢያበራም የሚያየው የለም። የኛ ካፒቴን ጣሊያኖች ዘንድ የተማረ ሽማግሌ ነበር፣ ወደዚያ ስንቀርብ «መዝገቡን ክፈት» ይለኝና እሱ ሳያይ ብልጭታውን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታው ነበር። አንድም ቀን አልሳተም። ስለ ቀይ ባሕር መብራቶች የሚጠይቅ ካለ ሌላ ክር ክፈቱልኝ፣ እዚያ እጽፋለሁ፤ ይህኛው ረዝሟል፣ ልጅቱም ስልኳን ትፈልገዋለች።